የቀዩ ክር ጠርሙስ

ወይን የጠጣሁት በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሱንም ቀመስኩ አይባልም፤ ብርጭቆውን ከባሌ እጅ ነጥቄ እንደቆምኩ ጭልጥ አደረግኩት። በዚያ ሳሎን የነበረ ሰው ሁሉ ክው ብሎ ቀረ። አምቦ ደግሞ ወሬ የማታሳድር ከተማ ነች። በማግስቱ በጤና ጣቢያውም በቤተ ክርስቲያናችንም «ሌንሴ ጠጣች» ተባለ። ለምን እንደጠጣሁ የሚያውቁት ግን ጥቂት ሰዎች ናቸው። ሰሞኑን ባለቤቴ «ለምን አትጽፊውም? አንድ ሰው እንኳ ቢጠቅም» አለኝ። እሱ ከፈቀደ እኔ ምን ቸገረኝ ብዬ ተቀመጥኩ።

ነገሩ ከሆነ ቆይቷል። ሞባይል በየሰው ኪስ ያልገባበት፣ መብራት ከሚበራበት የሚጠፋበት የሚበዛበት ጊዜ ነበር። እኔ አምቦ ጤና ጣቢያ ነርስ ነበርኩ። ተወልጄ ያደግኩት ጌዶ አጠገብ፣ ከጴንጤ ቤተሰብ ነው። አባቴ ኦቦ ዳባ ገበሬ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም ነበሩ። በቤታችን እንኳን ወይን ጠላም አይጠመቅም ነበር። ባለቤቴ ጌታሁን ግን የደብረ ብርሃን ልጅ፣ ኦርቶዶክስ ነው፤ በከተማችን ኮሌጅ የምግብ ሳይንስ ያስተምር ነበር። ስንጋባ የሁለታችንም ቤተሰብ ተጨንቆ ነበር። አባቴ በመጨረሻ እሺ ቢሉም፣ ለብቻዬ ጠርተው «ካስለቀሰሽ ጌዶ ሩቅ አይደለም» ብለውኛል።

ጌታሁን በአፍንጫው የታወቀ ሰው ነበር። ገበያ አብረን ስንወጣ ቅቤ ሻጮቹ ገና ከሩቅ ሲያዩት «መጣ ደግሞ!» ብለው ይሳሳቃሉ። የጠቀለሉበትን ቅጠል ሳያስገልጥ «ይሄኛው የሰነበተ ነው፣ የዚያችኛዋ ላም ጎመን በልታለች» ይላቸዋል። ጤፍ እፍኝ አንስቶ አሽትቶ ዝናብ የነካው መሆኑን ይናገራል። ቤት ሲገባ ገና ከአጥሩ በር ሆኖ «ምስር ነው፤ ሽንኩርቱ ትንሽ አርሯል» ብሎ ይጮሃል። እኔም እናደዳለሁ፣ ደስም ይለኛል። ከሥራ ስመለስ ደግሞ አንገቴ ሥር ገብቶ «ዛሬ መርፌ ስትወጊ ነው የዋልሽው» ይለኝ ነበር። ፍቅራችን በአብዛኛው በዚህ በአፍንጫው በኩል ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከዚያ አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ሲመለስ የተሳፈረበት ሚኒባስ ጊንጪ ሊገባ ሲል ተገለበጠ። እግዚአብሔር ይመስገን የሞተ ሰው አልነበረም። ጌታሁን ጭንቅላቱን ተመትቶ ጥቂት ቀን አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኛ፤ ከዚያ ቁስሉ ድኖ፣ እየሳቀ ተመለሰ። እኔ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዤ ስለነበር በቆመበት ሳየው ሌላ ምንም አልጠየቅኩም።

ግን የተመለሰው ሌላ ሰው ነበር። ከአጥሩ በር መጮሁን ተወ። የሠራሁለትን ሁሉ «ጥሩ ነው» ብሎ ይበላል። አንድ ቀን ሽሮው ድስቱን ይዞ ሲያርር ዝም ብሎ አጠገቡ ተቀምጦ ጋዜጣ ሲያነብ አገኘሁት። «አይሸትህም?» ስለው «ሐሳብ ይዞኝ ነው» አለ። አንገቴ ሥር መግባት ቀረ። ይህን ሁሉ «የጭንቅላት ምት ጠባይ ይለውጣል፣ ይስተካከላል» እያልኩ ታገስኩት። ያልቻልኩት ልጃችን ሲፈን ከተወለደች በኋላ ነው። አባት የሆነ ሰው ሁሉ አራስ ልጁን አንገቷ ሥር ገብቶ ሲያሸት አይደል የሚውለው? ጌታሁን ያቅፋታል፣ እሹሩሩ ይላታል፤ አፍንጫውን ግን አያስጠጋትም። አንዴ ሊስማት ጎንበስ ብሎ ፊቱ ተለዋውጦ ወዲያው ሲመልስልኝ አየሁ። ልጁን ተጸየፋት ብዬ ያን ቀን ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ።

ሰው ብቻውን ሲያስብ ክፉ ክፉውን ነው የሚያስበው። ሌላ ሴት ይዟል አልኩ። ጴንጤ ማግባቱ ቆጭቶታል አልኩ። በመጨረሻ፣ ከብት ጭኖ ጌዶ የሚመላለስ ሹፌር አገኘሁና «ለአባቴ በወሩ መጨረሻ እሁድ ይምጡና ይውሰዱኝ ብላለች በላቸው» ብዬ ላክሁ። ለጌታሁን አልነገርኩትም። የሲፈንን ልብስ አጣጥፌ ለብቻው አስቀመጥኩ።

የወይኑ ነገር የመጣው በዚህ መሃል ነው።

ጌታሁን ሁለት የነፍስ ጓደኞች ነበሩት፤ አንድ ኮሌጅ ነው የሚያስተምሩት። ተስፋዬ ትምህርቱን ፈረንሳይ ጨርሶ የመጣ ነው። አብርሃም አሜሪካ ለአጭር ሥልጠና ሄዶ ተመልሷል። ሁለቱም ሁለት ሁለት ጠርሙስ ቀይ ወይን ይዘው መጥተው ኖሮ፣ የማን ይበልጣል በሚል በሻይ ሰዓት ሁሉ ይነታረካሉ። ተስፋዬ «አሜሪካ ወይን ሳይሆን ሽሮፕ ነው ያላት» ይላል። አብርሃም «ፈረንሳዮች የሚሸጡት ስማቸውን ነው» ይላል። በመጨረሻ ተወራረዱ፤ የተረታው ከጎጆ ከተማ ሙክት በግ አስመጥቶ ሊያርድ። ዳኛው ያለ ጥርጥር ጌታሁን ሆነ። «ተዉኝ፣ ጉንፋን ይዞኛል» ብሎ ነበር። «ጉንፋንህ እስኪለቅህ እንጠብቃለን» አሉት። ሁለት ጊዜ ካራዘሙለት በኋላ እምቢ የሚልበት ምክንያት አለቀበት።

እኔም ሥራ ተሰጠኝ። ጠርሙሶቹ ስማቸው ተደብቆ መቀዳት ስላለባቸው፣ የትኛው የማን እንደሆነ የሚያውቅ አንድ ሰው ያስፈልጋል። ተስፋዬ ሊለምነኝ ቤት ድረስ መጣ።

«ሲስተር ሌንሴ፣ ቀጂያችን አንቺ ነሽ» አለኝ።

«እኔ? ወይን ነክቼ የማላውቀውን?»

«ለዚህ እኮ ነው! አንቺ አትጠጪም፣ አትዋሺም። የሚጠጣ ሰው ብናደርግ አብርሃም ጉቦ ሰጥቶ ይገዛዋል።»

ሳቅሁ። ደግሞም ከአምቦ ልሄድ ነው፣ ለመጨረሻ ጊዜ ከሰዎቹ ጋር ልዋል ብዬ እሺ አልኩ።

እሁድ ከአምልኮ መልስ ሲፈንን አዝዬ ከጌታሁን ጋር ተስፋዬ ቤት ሄድን። የተስፋዬ ባለቤት አልማዝ ኩሽና ጠበቀችኝ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር የላምባ ምድጃ አቀጣጥላ ጥብስ ትሠራለች፤ ኩሽናው በሙሉ ላምባ ላምባ ይላል። በከተማው ቡሽ መንቀያ የሚባል ነገር ስላልነበረ አብርሃም በብሎንና በፒንሳ እየታገለ ጠርሙሶቹን ከፈተ። አንዱን ቡሽ ጨርሶ ወደ ውስጥ ከተተው፤ «በአሜሪካም እንዲህ ነው የሚከፈተው» ብሎ ወጣ።

ከዚያ የእኔ ተራ ሆነ። አምቦ ውስጥ የሌለ ነገር ቢፈለግ እንኳ ባዶ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ አይታጣም። ማር፣ ዘይት፣ ጠበል፣ ላምባ፣ ሁሉም በእሱ ነው የሚቀመጠው። አራቱን ወይን አንድ ዓይነት በሆኑ አራት የአምቦ ውሃ ጠርሙሶች ገለበጥን ማለት ነው፤ አንገታቸው ላይ ነጭ፣ አረንጓዴ፣ ቀይና ቢጫ ክር አሰርኩ። ከመገልበጣችን በፊት ካጠብናቸው ጠርሙሶች አንዱ በፍል ውሃ ተሰንጥቆብን አልማዝ ከጓዳ ሌላ አመጣች። «ይሄ ታጥቦ የተቀመጠ ነው» አለች። ውሃ አለቅለቅኩበትና ቀይ ክር አሰርኩለት። የወይን ሽታ አላውቅም፤ ኩሽናውም እንደነገርኳችሁ ነበር። ምንም አልጠረጠርኩም።

ሳሎን ስገባ ተስፋዬ ከወይን ጋር አይብ ይበላል ብሎ ስላስቸገረ አልማዝ የኛን አይብ ከነአዋዜው አቅርባለች። «ፈረንጅ አይብ ሲል ይሄን ማለቱ አይደለም እኮ» ይላታል። «እንግዲያው ፈረንጅህ ይሥራልህ» አለችው። ጌታሁንን መሃል አስቀምጠውታል። ደንቡ መጀመሪያ ለዳኛው ይቀዳና እሱ ተናግሮ ሲጨርስ ሌሎቹ እንዲቀምሱ ነው። በየመሃሉ አፉን በአምቦ ውሃ ይጉመጠመጣል።

ከነጩ ክር ቀዳሁለት። ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳ፣ አወዛወዘ፣ አሸተተ፣ ቀመሰ። «ይኮመጥጣል፣ ግን አያስቀይምም። ምላስን ይይዛል» አለ። ተስፋዬ አጨበጨበ። ከአረንጓዴው ቀዳሁ። «ይሄ ይለሰልሳል፣ ትንሽም ይጣፍጣል» አለ። አብርሃም «ሰማችሁ?» ብሎ ተነሳ። ጌታሁን ዘና ሲል አየሁትና ደስ አለኝ። የድሮው ጌታሁን መስሎኝ ልቤ ፈራ ተባ አለ።

ሦስተኛው ቀዩ ክር ነበር። ለጌታሁን ቀዳሁለት። ዓይኑን ጨፍኖ ረጅም አሸተተ። አንድ ጉንጭ ቀመሰ።

«ወንድሞቼ፣» አለ፣ «ይሄኛው ሌላ ነው። ሽታው ብቻውን ያጠግባል። የበሰለ እንጆሪ አለ፤ ከሥሩ ጥድ ጥድ ይላል። እንዲህ ንጹህ ነገር አሽትቼ አላውቅም።»

እሱ ይህን ሲናገር እኔ ለተስፋዬ እየቀዳሁ ነበር። ከጠርሙሱ አፍ የወጣው ሽታ አፍንጫዬን መታው። ላምባ። ከኩሽና የመጣ እንዳይሆን ጠርሙሱን አስጠጋሁት። አሁን ገባኝ፤ ጓዳ የነበረው የላምባ ጠርሙስ ነው። ጌታሁንን አየሁት። ብርጭቆው አፍንጫው ሥር ነው፣ ፊቱ ላይ ደስታ አለ፣ ግንባሩ ላይ ደግሞ ላብ ችፍ ብሏል። ያ ላብ ሁሉንም ነገረኝ። ያረረው ሽሮ፣ ከአጥሩ በር የጠፋው ጩኸት፣ አንገቴ፣ የልጄ አንገት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ። ሰውዬው አይሸተውም። ምንም ነገር አይሸተውም። ነርስ ሆኜ ይህን አለማየቴ ዛሬም ይገርመኛል።

ተስፋዬን ላስቆመው ስል ብርጭቆውን አንስቶት ነበር። አሸተተና ፊቱን ቋጠረ።

«ጌቱ፣ ይሄ ነገር... ላምባ ላምባ አይልም እንዴ?»

አብርሃም አንገቱን አስግጎ የጌታሁንን ብርጭቆ ያያል። ጌታሁን ብርጭቆውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። የዚያን ጊዜ ፊቱን እስክሞት አልረሳውም፤ ገበያ መሃል ከእናቱ የተለየ ልጅ ፊት ነበር። ምግብን በማሽተትና በመቅመስ መለየት የሚያስተምር ሰው ነው፤ እንጀራው ነው፣ ስሙ ነው። አብርሃም እጁን ዘርግቶ «እስቲ ያንተን ልየው» አለ።

ያደረግኩትን አስቤ አላደረግኩትም። የጌታሁንን ብርጭቆ ከእጁ ነጠቅኩና ጠጣሁት። እስከ ሥሩ። ይኮመጥጣል፣ ይመራል፣ ላምባው በአፍንጫዬ ይመለሳል። እንባዬን ዋጥኩና ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ንጹህ ነው» አልኩ። «የጌታሁን ብርጭቆ ምንም የለበትም፤ እሱ ያለው ልክ ነው። ላምባው ከእኔ እጅ ነው። ኩሽና ምድጃ ስነካካ ቆይቼ፣ ተስፋዬ፣ ያንተን ብርጭቆና ጠርሙሱን ያዝኩበት።»

ማንም ስለ ላምባ አልሰማኝም።

«ሲስተር ሌንሴ... ጠጣሽ?» አለ ተስፋዬ።

«በስመ አብ!» አለች አልማዝ ደረቷን ይዛ።

አብርሃም በሳቅ ሶፋው ላይ ወደቀ። «የኦቦ ዳባ ልጅ! በአንድ ትንፋሽ! እኛ እንኳ እንዲህ አንጠጣም!»

ይስቁ። እሰየው አልኩ በልቤ። የተስፋዬን ብርጭቆና ባለቀይ ክሩን ጠርሙስ አንስቼ ኩሽና ገባሁና የቀረውን ፍሳሽ ውስጥ ደፋሁት። አልማዝ ተከትላኝ መጣች። ጠርሙሱን ከእጄ ተቀብላ አሸተተችው። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ ወደ ሳሎኑ በርም አየች። ሽታው እንዲጠፋ ጠርሙሱን በአመድ ሞልታ ጥግ አስቀመጠችና ውሃ በመቅጃ ይዛ «ነይ፣ አፍሽን ተጉመጥመጪ» አለችኝ። ስጉመጠመጥ ጀርባዬን ታሸኝ ነበር፣ ሲፈን ላይ እጇ እንዳይከብድ እየተጠነቀቀች።

አራተኛው ጠርሙስ ሳይቀመስ ጨዋታው በሳቅ ፈረሰ። ፈረንሳይ ይብለጥ አሜሪካ ያን ቀን አልታወቀም። ጥብሱን በልተን ተነሳን።

ፀሐይዋ ገና አልበረደችም ነበር። እየተራመድን የሁሉቃ ወንዝ ድልድይ ደረስን። ድልድዩ ላይ ጌታሁን ቆመና ብረቱን ተደገፈ።

«ምን ነበረበት?» አለኝ።

«ምኑ ላይ?»

«ሌንሴ፣ ብርጭቆዬ ላይ።»

«ላምባ» አልኩት።

«ብዙ?»

«የተኛ ሰው ይቀሰቅሳል።»

ሳቀ። ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረና ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ሰው በጋሪ ያልፋል፣ የሚያውቁን ሰላም ይሉናል፤ እኔ ለሁለታችንም አጸፋ እመልሳለሁ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከጊንጪ። ሆስፒታል ስነቃ ምንም የለም። ሐኪሙ በጥቂት ወር ይመለሳል፣ ካልተመለሰ ግን ተስፋ አታድርግ አለኝ። ይመለሳል ብዬ ዝም አልኩ። ሲቀር ደግሞ አፈርኩ። ምላሴ ኮምጣጣና ጣፋጭ ይለያል፤ በእሱና ከመጽሐፍ በማስታውሰው ነው ክፍል የምገባው። ዛሬም እንደዚያው ነበር።»

«ለእኔስ?»

«አንቺ ቀኑን ሙሉ በሽተኛ ስታስታምሚ ትውያለሽ። ቤት ስትገቢ ሌላ በሽተኛ እንዳልሆንብሽ ብዬ ነው።»

ልቆጣው ፈልጌ ነበር። በእውነቱ በጣም ተናድጄ ነበር። ግን ያ ሁሉ ወር ያበገነኝ ጥያቄ ቀደመኝ።

«ልጅህንስ? ሲፈንን ለምንድን ነው የምትሸሻት?»

ብረቱን ጨበጠው። «ሌላው ሁሉ ሽታ ድሮ ስለማውቀው በሐሳቤ አለ። ምስሩን አስታውሰዋለሁ፣ አንቺን አስታውስሻለሁ። እሷን ግን አንድም ቀን አሽትቼያት አላውቅም። አንገቷ ሥር ስገባ ባዶ ነው ሌንሴ፤ የሌላ ሰው ልጅ ያቀፍኩ ይመስለኛል።» ከዚያ እንደሚለምን ሰው ቀስ ብሎ «ምን ትሸታለች?» አለኝ።

ቃል የሚቀናኝ ሰው አይደለሁም። ሲፈንን ከጀርባዬ አውርጄ አቀፍኳት። አንገቷ ሥር ገባሁ።

«ወተት» አልኩ። «የኮመጠጠ ወተት፣ ቅድም ስላስመለሳት። አናቷ ላይ ቅቤ አለ፣ ጠዋት የቀባኋት።»

«ሌላስ?»

«ላብ። ግን እንደ እኛ ላብ አይደለም፣ አይከብድም። ከጆሯዋ ጀርባ... ቆይ... ፀሐይ ላይ የዋለ ንጹህ ጨርቅ ስታጣጥፈው እንደሚሸተው ይሸታል፣ ሞቅ ያለ። እሱ የሳሙናው አይደለም፤ ሳሙናውን አውቀዋለሁ። እሱ የራሷ ነው።»

«ቀጥይ» አለኝ። እጁ እግሯን ይዟል። እንባው ይወርዳል፣ አይጠርገውም።

«እጇ ዳቦ ዳቦ ይላል። የአልማዝን ዳቦ ስትጨብጥ ነበር መሰለኝ።»

ጎንበስ ብሎ አንገቷ ሥር ገባ። የነገርኩትን እያሰበ እንደሆነ አውቄያለሁ። ብዙ ቆየ። ሲፈን ፀጉሩን ጎትታ ሳቀች።

ያኔ ነው የነገርኩት። «አባቴ የፊታችን እሁድ ይመጣሉ» አልኩት። «ይውሰዱኝ ብዬ ልኬባቸዋለሁ።»

ቀና ብሎ አየኝ። የተከራከረኝ ነገር የለም። «ትሄጃለሽ?» አለኝ ብቻ።

«ከሄድኩ ማን ይነግርሃል?» አልኩት።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ስለ ትዳር ልሰብካችሁ አይደለም፤ እኔም አንድ ትዳር ብቻ ነው የማውቀው። ግን አጠገባችሁ ያለ ሰው ድንገት ዝም ካላችሁ፣ ወይም እጁን ከሰበሰበባችሁ፣ «ጠላኝ» ብላችሁ ከመደምደማችሁ በፊት የጎደለው ነገር ይኖር እንደሆን እዩት። እኔ ብዙ ወር ስለ ራሴ ብቻ ሳለቅስ ነበር። እሱም አጠገቤ ሆኖ ብቻውን ሲያለቅስ ነበር። አንድ አልጋ ላይ!

በሳምንቱ ውስጥ ጌታሁን ለጓደኞቹ ራሱ ነገራቸው። ተስፋዬ አቅፎት ብዙ ቆየ። አልማዝ ግን «ታዲያ ለፋሲካ የሠራሁትን ዶሮ ወጥ 'እንዲህ ያለ ቀምሼ አላውቅም' ያልከኝ ውሸትህን ነው?» ብላ ጮኸችበት፤ ሁላችንም ሳቅን። በጉን ተስፋዬና አብርሃም እኩል አዋጥተው አረዱ። ጌታሁን የቅመሳውን ትምህርት ለሌላ መምህር ለቆ የእህል አከማቸትን ያዘ፤ ስሙም አልጠፋም፣ እንጀራውም አልተቋረጠም። አፍንጫው እስከ ዛሬ አልተመለሰም። እኔ ግን ሳላውቀው የማሽተት ሰው ሆኛለሁ፤ እንድነግረው ነው።

የቀሩት አባቴ ነበሩ። እሁድ በማለዳው አውቶቡስ መጡ፤ ከመነኸሪያ እስከ ቤታችን ሲመጡ ወሬው ደርሷቸዋል። ጌታሁን ሲፈንን ይዞ ደጅ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሰላም አሉት፣ ቁጭ ሳይሉ ወደ እኔ ገቡ። በራሳችን ቋንቋ ነበር የምናወራው።

«ያ ኢንተላ ኮ፣» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «እውነት ጠጥተሻል?»

«ጠጥቻለሁ አባ።»

«ሰው ፊት?»

«ሰው ፊት። ዋሽቻለሁም።»

ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «ከእሱ ጋር ስትኖሪ ይህን ተማርሽ?»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ጊንጪን፣ ሽሮውን፣ ላምባውን፣ ድልድዩን። አባቴ መሬት አርሰው ነው የኖሩት፤ ጠዋት ሲነሱ መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር ደጅ ወጥተው አየሩን ማሽተት ነው። ይህን የሚያህል ነገር አንድ ሰው ማጣቱ ከእኔ ይልቅ ለእሳቸው ቶሎ ገባቸው መሰለኝ።

«መጠጣትሽን ከእግዚአብሔር ጋር ተነጋገሪበት» አሉ። «ልብስሽን አስረሻል?»

«አላሰርኩም አባ።»

«ደግ» ብለው ተነስተው ወጡ።

በመስኮት አየኋቸው። ሌላ በርጩማ ስበው ከጌታሁን አጠገብ ተቀመጡ። ከተጋባን ጀምሮ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አይቼ አላውቅም። ደመናው ከምዕራብ እየጠቆረ ነበር። አባቴ አፍንጫቸውን ወደ ላይ ቀሰሩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛቸው ጀመሩ።

«ዝናብ ይሸታል» አሉት። «ከጌዶ በኩል ነው። የታረሰ መሬት ላይ ዘንቦ ነው የመጣው።»

ጌታሁን ዞሮ አያቸው። «እንዴት ያለ ሽታ ነው ኦቦ ዳባ?»

አባቴ ወሬ አያበዙም። ራሳቸውን አከኩ፣ ወደ ደመናው አዩ፣ ከዚያ በርጩማቸውን ወደ እሱ ጠጋ አድርገው ቀስ እያሉ ይነግሩት ጀመር።